አለቃ ዓና፣ አህዮቹ እና ትርጉሟ የጠፋ አንዲት ቃል

ዘፍጥረት ምዕራፍ 36ን ሳይዘል ያነበበ ሰው እጁን ያውጣ። ለብዙዎቻችን ይህ ምዕራፍ ወደ ዮሴፍ ታሪክ ለመድረስ በፍጥነት የምንሻገረው ድልድይ ነው። ስም፣ ልጅ፣ አለቃ፤ ስም፣ ልጅ፣ አለቃ፤ እንዲህ እያለ 43 ቁጥር ይሄዳል። እኔ ግን የትውልድ ዝርዝር ማንበብ እወዳለሁ። ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ቀለም ይቆጥባል፤ ስለ አንዱ ስም ቆም ብሎ ወሬ ከጨመረ ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ምዕራፍ ከሖራውያን መሀል ስለ ሥራው ወሬ የተጨመረለት አንድ ሰው ብቻ ነው። ዓና ይባላል። የተነገረለት ነገር ሲጠቃለል ይሄ ነው፦ የአባቱን የፅብዖንን አህዮች በምድረ በዳ ሲጠብቅ የሆነ ነገር አገኘ። ምን አገኘ? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል።

መጀመሪያ ግን ሰውየውን እንወቀው። አገሩ ሴይር ነው፤ በዛሬው ደቡባዊ ዮርዳኖስ፣ ከሙት ባሕር ደቡብ ምሥራቅ ተነስቶ ወደ ዓቃባ የሚወርደው ተራራማ ምድር። የኤሳው ልጆች ኤዶማውያን ከመምጣታቸው በፊት እዚያ የሚኖሩት ሖራውያን ነበሩ። ምዕራፉ ሰባት አለቆቻቸውን በስም ይጠራል፦ ሎጣን፣ ሦባል፣ ፅብዖን፣ ዓና፣ ዲሶን፣ ኤጽር፣ ዲሳን። “አለቃ” የተባለው በዕብራይስጡ “አሉፍ” ነው፤ “ሺህ” ወይም “ጎሳ” ከሚለው “ኤሌፍ” ጋር በፊደል ይዛመዳል። የእኛም “እልፍ” የዚያው ዘመድ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ አሥር ሺህ ሆነ እንጂ። ዛሬ በእስራኤል ጦር ውስጥ “አሉፍ” የጄኔራል ማዕረግ ነው፤ በስፖርት ሜዳ ደግሞ ሻምፒዮን ማለት ነው። የዓና አለቅነት ግን እንዲህ የሚያስፈራ አልነበረም። መንጋ ያለው፣ ውሃ የሚፈልግ፣ በአንድ ሸለቆ የሰፈረ የጎሳ አለቃ ብለን ብናስበው አንሳሳትም።

የቤተሰቡ ስሞችም ይህንኑ ይመስላሉ። የወንድሙ ስም አያ ነው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን የማይበሉ ወፎች ዝርዝር ውስጥ የአንድ አዳኝ ወፍ ስም ሆኖ ይገኛል። ዲሶን ደግሞ በዘዳግም ከሚበሉት የዱር እንስሳት አንዱ ነው። ፅብዖን የሚለውን ስም ብዙ ሊቃውንት ከጅብ ጋር ያያይዙታል። (“አያ ጅቦ” ትዝ ያላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።) ምድረ በዳውን በቅርብ የሚያውቅ ቤት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ውስብስቡ እንግባ። ቁጥር 20 ላይ ዓና የፅብዖን ወንድም ነው። ቁጥር 24 ላይ የፅብዖን ልጅ ነው። ቁጥር 2 ላይ ደግሞ የኤሳው ሚስት የአህሊባማ ወላጅ ሆኖ ይመጣል፤ እዚያ የዕብራይስጡ ጽሑፍ “የፅብዖን ሴት ልጅ” የሚል ሐረግ ስላስከተለ፣ ዓና ራሱ ሴት ነው ብሎ ማንበብም ይቻላል! የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም፣ የሳምራውያን ኦሪትና የሶርያው ትርጉም “ወንድ ልጅ” ብለው ነገሩን አቃንተውታል። በዚያ ላይ ፅብዖን ቁጥር 2 ላይ ኤዊያዊ፣ ቁጥር 20 ላይ ሖራዊ ነው፤ በዕብራይስጥ የሁለቱ ቃላት ልዩነት አንዲት ፊደል ናት።

ይሄ ሁሉ መምታታት ምንድነው? አንዱ መልስ ሁለት ዓናዎች አሉ፤ አንዱ አጎት፣ አንዱ የወንድም ልጅ። ሌላው መልስ ደግሞ እንዲህ ያለ ዝርዝር የቤተሰብ መዝገብ ብቻ አይደለም፣ የፖለቲካ ካርታም ነው የሚል ነው። አንድ ጎሳ ከሌላው እኩል ሲቆም “ወንድም” ይባላል፤ ሲያንስና ሲጠጋ “ልጅ” ይባላል። እኛም አገር ዘር መቁጠር እስከ ሰባት ቤት ነው የሚባለው ለጨዋታ አይደለም፤ ማን ከማን ይጋባል፣ ማን ለማን ይቆማል የሚለውን የሚወስን ነገር ነው።

እኔን የሚይዘኝ ግን ያቺ የተጨመረች ወሬ የገባችበት መንገድ ነው። ጸሐፊው ታሪኩን አይተርክም። “ያ እንዲህ ያደረገው ዓና ይሄኛው ነው” በሚል መንፈስ ጠቁሞ ያልፋል። አስቡት፤ በአንድ ሰፈር ሁለት ከበደ ሲኖሩ “የትኛው ከበደ?” “ያ ውሻ የነከሰው” ይባላል አይደል? ውሻው መቼ ነከሰው፣ ለምን ነከሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰፈሩ ያውቃል። የዓና ወሬም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ለሰሙት ሰዎች ታሪኩ የታወቀ ስለነበር አንድ ቃል በቂ ነበረች። በኋላ ሰፈሩ ጠፋ፤ ቃሏ ብቻ ቀረች።

ቃሏ “የሚም” ናት። በመላው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ የምትገኘው እዚህ ብቻ ነው። ጥንት ዕብራይስጥ ያለ አናባቢ ይጻፍ ስለነበር በእጃችን ያሉት ሦስት ፊደላት ናቸው፦ ዮድ፣ ሜም፣ ሜም። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ተርጓሚ የራሱን ነገር አገኘባት።

ሰብዓ ሊቃናት አልደፈሩም፤ ቃሉን እንዳለ በግሪክ ፊደል ጽፈው አለፉ። የሶርያው ትርጉም “ውሃ” አለ፤ ፊደላቱን ብታቀያይሩ “ማይም” ይወጣል፣ ውሃ ማለት ነው። የሳምራውያን ኦሪት ኤሚማውያን አደረጋቸው፤ በሞዓብ ይኖሩ የነበሩ፣ በዘዳግም 2 እንደ ግዙፍ የተቆጠሩ ሕዝቦች። የአረማይኩ የኦንቄሎስ ትርጉምም “ኃያላን” ይላል። በዚህ አያያዝ ዓና አህያ ሲጠብቅ ከግዙፎች ጋር ተፋጠጠ ማለት ነው።

የአይሁድ ሊቃውንት ደግሞ “በቅሎ” አሉ። ታልሙድ ውስጥ ዓና የወንድምነቱና የልጅነቱ መምታታት የነውር ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል፦ ፅብዖን ከገዛ እናቱ ወለደው፣ እሱም በተራው ሁለት ዘር አደባልቆ በቅሎን ወደ ዓለም አመጣ። “የሚም” የተባለችውም “ኤማ”፣ ማለትም ፍርሃቷ፣ በሰው ላይ ስለሚወድቅ ነው አሉ። ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ሁለት ዓይነት እንስሳ ማዳቀልን ስለሚከለክል ጨዋታው ከባድ ክስ ያዘለ ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚለው ተረታችን ለዓና የተተረተ አይመስልም? የሉተር የጀርመንኛ ትርጉምም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ የበቅሎ ንባብ ተከተሉ።

ችግሩ ምንድነው? አንደኛ፣ በዕብራይስጥ በቅሎ የታወቀ ስም አላት፤ “ፔሬድ” ትባላለች። የዳዊት ልጆችም፣ ሰሎሞንም የተቀመጡባት ይቺው ናት። ሁለተኛ፣ በዓና ታሪክ ውስጥ አህያ እንጂ ፈረስ የለም።

ቅዱስ ሄሮኒሞስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ስለዚህች ቃል ሲጽፍ አስተያየቶቹን ሰብስቦ አቀረበ፦ ባሕሮች፣ በቅሎዎች፣ እና ፍልውሃ። የመጨረሻው ግምት የመጣው ከካርታጎ ሰዎች ቋንቋ ነው፤ ፑኒክ የዕብራይስጥ የቅርብ ዘመድ ነበርና። በላቲን ትርጉሙ ውስጥ የመረጠውም ፍልውሃውን ነው። ዛሬ ብዙ ዘመናዊ ትርጉሞች የሚከተሉት እሱን ነው። ምድሩም ይደግፈዋል፤ በጥንቱ የኤዶም ክልል፣ በጣፊላ አቅራቢያ፣ ሐማማት ዓፍራ የሚባል ፍልውሃ እስከ ዛሬ ይፈልቃል። እረኛ ጥም የያዛቸውን አህዮች ተከትሎ ወደ ሸለቆ ሲወርድ ከድንጋይ ስር የሚጨስ ውሃ ቢያገኝ፣ ጎሳው ለትውልድ ቢያወራው ምን ይገርማል? እንዲያውም በዘፍጥረት 26 ሌላ የኤሳው ሚስት አባት ብኤሪ ይባላል፣ ስሙም ከ“ጉድጓድ ውሃ” ጋር ይያያዛልና፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ጀርመናውያን ሊቃውንት ብኤሪ የዓና ቅጽል ስም ነው እስከማለት ደርሰዋል።

እኔም ወደ ፍልውሃው አደላለሁ። ግን የቃሏ ፍቺ ከሚያሳስበኝ በላይ የሚያሳስበኝ የተረፈችበት መንገድ ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 2 የኤሳው ልጆች ሖራውያንን አጥፍተው በምድራቸው እንደተቀመጡ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ የሖራውያን አለቆች ዝርዝር የደረሰን በገዛ ልጆቻቸው እጅ አይደለም። በተኳቸው ሕዝብ መዝገብ ውስጥ፣ ያንንም መዝገብ በያዘው በሦስተኛው ሕዝብ፣ በእስራኤል መጽሐፍ በኩል ነው። ለዓና በሩን ከከፈቱት አንዷ ሴት ልጁ ናት። አህሊባማ ለኤሳው የዑስን፣ የዕላምንና ቆሬን ወለደች፤ ሦስቱም ከኤዶም አለቆች ተቆጠሩ። ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል በአለቆቹ ስም ዝርዝር ውስጥ “አህሊባማ” ራሱ አንድ የአለቃ ስም ሆኖ ይገኛል። የተሸነፈው ቤት ስም በአማችነት በር ገብቶ በአሸናፊው ቤት ውስጥ ወንበር ያዘ።

በኋላ የተጻፈው ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ይህንኑ የሖራውያን ዝርዝር ይደግመዋል። ዓና አለ፣ ፅብዖን አለ፣ አያ አለ። የአህዮቹ ወሬ ግን የለችም፤ አሳጣሪው ቆርጧታል። የዘፍጥረቱ ጸሐፊም እንደዚያ ቢቸኩል ኖሮ ዓና እንደ ሎጣንና እንደ ሦባል ባዶ ስም ሆኖ በቀረ ነበር።

ሰባቱም አለቆች ነበሩ፤ ማዕረጋቸው እኩል ነው። ነገር ግን አለቅነቱ አንዳቸውንም ከስም አላሳለፋቸውም። ዓናን የለየው ገና ወጣት ሳለ ይሁን ጎልምሶ፣ የአባቱን አህዮች ይዞ በወጣበት አንድ ቀን ያጋጠመው ነገር ነው። እናም እናንተ ዘንድ የአያቶቻችሁን ስም እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ካለ፣ ስሞቹን ብቻ ጽፋችሁ አትነሱ። “ይሄኛው ምን ያደረገው ነው?” በሉት። መልሱንም ሙሉውን ጻፉት፤ አንዲት ቃል ብቻዋን ስትቀር ምን እንደምትሆን ከዓና አይተናል።