ሦስት ፊደሎችና ሦስት ቢቶች

ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ምሽት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያን የተባለችው መርከብ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በበረዶ ተከባ ቆማ ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ብቸኛው የራዲዮ ሠራተኛዋ ሲሪል ኢቫንስ ይህንኑ ወደ ኒውዮርክ ትገሠግሥ ለነበረችው ለታይታኒክ አስታወቀ። የታይታኒክ ቴሌግራፊስት ጃክ ፊሊፕስ ግን ከኬፕ ሬስ ጣቢያ ጋር ሥራ ላይ መሆኑን ገልጦ ዝም እንዲል በቁጣ መለሰለት።

ፊሊፕስን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሰውም። ቀደም ባለው ሌሊት መሣሪያው ተበላሽቶበት ከረዳቱ ከሃሮልድ ብራይድ ጋር ለብዙ ሰዓታት ሲጠግን በማደሩ፣ መንገደኞች የከፈሉባቸው መልእክቶች ተከማችተው ይጠብቁት ነበር። ካሊፎርኒያን ቅርብ በመሆኗም የድምፅዋ ኃይል ከሩቁ ጣቢያ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ይውጥበት ነበር። ከሁሉም በላይ፣ በማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች ልማድ ከካፒቴን ለካፒቴን የሚላክ የጉዞ መልእክት «ኤም ኤስ ጂ» በሚሉ ሦስት ፊደሎች ይጀመር ነበር። እነዚህን ፊደሎች የያዘ መልእክት በቀጥታ ለመርከቡ አዛዥ መድረስ አለበት። የኢቫንስ መልእክት ግን ያለ ፊደሎቹ፣ እንደ ባልደረቦች ወግ ሆኖ ተላከ።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል፣ በ1906 በበርሊን የተፈረመው ስምምነት ለድረሱልን ጥሪ ፍጹም ቅድሚያ ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን የበረዶ ማስጠንቀቂያ የድረሱልን ጥሪ አይደለም፤ ጥሪው እንዳያስፈልግ አስቀድሞ የሚደርስ ወሬ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ወሬ ደረጃ የሰጠው አልነበረም። ኢቫንስ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። በ5 ሰዓት ከ40 ታይታኒክ ከበረዶው ግግር ጋር ተጋጨች፤ ከ1,500 በላይ ሰዎች አለቁ። ፊሊፕስም እስከ መጨረሻው ጥሪ ሲያሰማ ቆይቶ ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። አደገኛ በረዶ ያየ ካፒቴን ሁሉ ማስታወቅ ግዴታው እንዲሆን የተወሰነው በ1914 በለንደን ነበር።

ይህን የባሕር ታሪክ ያነሣሁት፣ የዛሬው የመረጃ መረብ ያንኑ ጥያቄ ስለ ወረሰ ነው። ኢተርኔት በ1973 ሲታሰብ ስሙን ያገኘው የጥንት ሊቃውንት ጠፈሩን ይሞላል ይሉት ከነበረው ከኤተር ሲሆን፣ አሠራሩንም በከፊል የተማረው በሃዋይ ደሴቶች ከነበረው አሎሃ ከተባለው የራዲዮ መረብ ነው። በዚያ አሠራር ማዕረግ የለም፤ ሽቦውን ነፃ ያገኘ ይልካል፤ ሁለት ከተጋጩ እያንዳንዱ በዕጣ የደረሰውን ጊዜ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። ለጽሑፍ ይህ በቂ ነው፤ ለድምፅ ግን አይበቃም። በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ በየመልእክቱ ራስጌ ላይ ለቅድሚያ ሦስት ቢት መደበ፤ የደረጃዎቹንም ስሞች በከፊል ከወታደራዊ ቴሌግራም ወሰደ። ስዊቾች የሚያነቡት የራሳቸው ምልክት፣ እርሱም ሦስት ቢት፣ የተደነገገው በ1998 ነው። ሦስት ቢት ከ0 እስከ 7 ስምንት ደረጃ ይሆናል።

ስዊቹ መልእክቶቹን በመውጫው በር ላይ በየደረጃቸው ያሰልፋል። የላይኛው ሰልፍ ሁልጊዜ ይቅደም ከተባለ የታችኛው ፈጽሞ ተራ ላያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙዎች በድርሻ ማከፋፈልን ይመርጣሉ። መንገድ የጀመረ ጥቅልም አይቋረጥም ነበር፤ 1,518 ባይት ያለው ጥቅል በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ሽቦ ላይ 1.2 ሚሊሴኮንድ ያህል ይይዛል። የስልክ ንግግር እስከ 150 ሚሊሴኮንድ መዘግየት ስለሚታገሥ ይህ አይጎዳውም፤ የፋብሪካ ሞተር ለሚያዝ መልእክት ግን ብዙ ነው። በሮችን በሰዓት የሚከፍትና የሚዘጋው ደንብ በ2015፣ የተጀመረውን ጥቅል አቋርጦ አስቸኳዩን የሚያሳልፈው ደግሞ በ2016 የመጡት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ምልክቱን የሚጽፈው ላኪው ነው። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የስልኩ ድምፅ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ስዊቹን ብንመረምር ጤነኛ ነው። ኋላ ሲታይ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥ አንድ ኮምፒዩተር መልእክቱን ሁሉ በድምፅ ደረጃ ምልክት ያደርግ ኖሯል፤ ስዊቹም የታዘዘውን ይፈጽማል። የኢቫንስ መልእክት ምልክት አጥቶ ታለፈ፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ምልክት የማይገባው ሁሉ ምልክት ለበሰ። በዚያ በር በኩል የሚገባውን ምልክት ስዊቹ እንዳያምን፣ የራሱንም እንዲጽፍ አዘዝነው። ከቀትር በኋላ ስልኩ ጠራ።