ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት የሚነገር ቃል

ቤቱን በሚያሳድስ ሰውና በግንበኛው መካከል የሚነሣው ክርክር ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን ነግሦ የነበረው ሐሙራቢ ስለዚሁ ነገር ሕግ አቁሞ ነበር። የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን የገደለበት ግንበኛ በሞት ይቀጣል፤ ግድግዳው ያዘመመበት ግን ከራሱ ገንዘብ አውጥቶ ያጸናዋል ይላል። ቅጣቱ ጨካኝ ነው፤ ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ አላረጀም፤ ይኸውም የሠራ ሰው ስለ ሥራው ይጠየቃል ማለት ነው።

በአገራችን በመንዝ ደጋ ቤት ማደስ ለብዙ ዘመን የጎረቤት ሥራ ነበረ። የመንዝ ሰው ብርዱን ለመከላከል ግድግዳውን በድንጋይ ይክባል፤ ጣራውን በጓሣ ሣር ይከድናል። የጓሣም ምድር ቄሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ለጥቂት ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት ባለድርሻው ሁሉ ያጭድ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ቀረ። ክዳኑን የሚከድነው ደቦ ነው፤ ባለቤቱ እንጀራና ጠላ ያቀርባል፤ ነገ ደግሞ በተራው ለጎረቤቱ ይወጣል። ጣራው ቢያፈስ ቅሬታው በሽማግሌ ፊት ያልቃል እንጂ የሚካሰስበት ገንዘብ የለም።

ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲመጡ ግን ሥራው በገንዘብ ሆነ። ባለቤቱ ቀብድ ይሰጣል፤ ግንበኛው «በክረምት መግቢያ እጨርሳለሁ» ይላል። በመካከሉ የዕቃ ዋጋ ይወደዳል። ባለቤቱ «እግረ መንገድህን ይህንም ጨምርልኝ» ሲል፣ ግንበኛው ዋጋውን ሳይናገር ይጨምራል። በመጨረሻ አንዱ «ሥራው አላለቀም»፣ ሌላው «ገንዘቤ አልተከፈለኝም» እየተባባሉ ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ሁለቱም ይምላሉ፤ ዳኛው ግን የሚሻው ማስረጃ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው፣ ረቂቁንም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያሰናዱት የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ነገር በሰፊው ደንግጓል። በቁጥር 2610 እንደ ተጻፈው ሥራ ተቋራጭ ማለት ዋጋ ተቀብሎ አንድ የተወሰነ ውጤት በራሱ ኃላፊነት ሊያስገኝ የተዋዋለ ሰው ነው። በቁጥር 3039 ደግሞ ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደኅንነትና ጽናት ዋስ ነው። «መሬቱ ልል ሆኖብኝ ነው» ብሎ አያመልጥም፤ ይህን ዘመን የሚያሳጥር ቃል በውሉ ቢገባም ዋጋ የለውም።

ነገር ግን ሕግ መልካም ቢሆንም የሙግት መንገድ ረጅም ነው። ቀጠሮ በተሰጠ ቁጥር ዝናቡ በተከፈተው ጣራ ይገባል፤ ግንበኛውም ሌላ ሥራ ይዞ ማደር ሲገባው በፍርድ ቤት ደጅ ይውላል። የረታውም ቢሆን ያጣውን ጊዜና ወዳጅ የሚመልስለት ፍርድ የለም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ስለዚህ፣ ወጣት ሆይ፣ ቤት የምታሳድስ ብትሆን የሚሠራውን፣ ዋጋውንና የሚያልቅበትን ቀን በምስክር ፊት አጽፍ፤ የምትጨምረውንም ሳትጽፍ አታዝዝ፤ ሥራው ሲያምር ደመወዙን አታዘግይ። ግንበኛ ብትሆን የማትችለውን ቀን አትቀጠር፤ በልስን የተሸፈነውንም ድንጋይ የሚያየው እንዳለ ሆነህ ካበው። እንዲህ የተዋዋሉ ሰዎች ሥራው ሲያልቅ በአንድ መሶብ ይቀርባሉ።