የሠዓሊው ስም የሌለበት ሥዕል

እስቲ ቀረብ በሉና ጆሯችሁን አውሱኝ። የማጫውታችሁ የእሾህ አክሊል ስለ ደፋው የጌታችን ሥዕል ነው። በእንጨት ገበታ ላይ ነው የተሣለው፤ ሠዓሊውን ግን የሚያውቅ የለም፤ ሊቃውንቱ ከፍላንደርስ ነው፣ የለም ከፖርቱጋል ነው ይላሉ። ጎንደሮች ኵርዓተ ርእሱ አሉት፣ መኳንንቱም በፊቱ ማሉ፣ ነገሥታቱም ሲዘምቱ አብረው ይዘውት ወጡ፣ ከዚያም በ1736 ዓ.ም. ዐፄ ዳግማዊ ኢያሱ ስናር ላይ ሲሸነፉ ሥዕሉ ተማረከ፣ ከዚያም በወርቅ ተዋጅቶ ሲመለስ ጎንደር በእልልታ ተቀበለችው።

ዘመንም ዘመንን ተካ፣ ሥዕሉም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር መቅደላ ወጣ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ እጃቸው ካለፉ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆልምስ አገኘው። ሆልምስ የሟቹን ንጉሥ ፊት ቁጭ ብሎ ነደፈ፤ ኵርዓተ ርእሱን ግን ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሥዕሉና ክብረ ነገሥቱ እንዲመለሱ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ መጽሐፉ መጣ፣ ስለ ሥዕሉ ግን ደብዛው የለም ተባሉ። ያን ጊዜ ሆልምስ የንግሥቲቱ የዊንዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር፤ ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እሱም ሞተ፣ ሥዕሉም እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ ለሐራጅ ወጣ፣ በ1950 ደግሞ ዳግመኛ ተሸጦ ፖርቱጋል ገባ። ገማች ገበታውን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፣ በፊቱ የተማለውን መሐላ ግን ሐራጅ አይተምነውም።

ይህን ማንሣቴ ስለ አዲስ አበባው ልደታ ነው። ነባሩ ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካ ስንቱ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወጣ! ከሣጥን ሥር ፊርማ የሌለው የአያት ምስል ሲገኝ ወራሾቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት “ስንት ያወጣል?” ብለው ነው። ወገኖቼ፣ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፤ ቀለሙ ይነሣል። ይልቅ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ የተሣለበት ጨርቅ የእጅ ሥራ ነው ወይስ አቡጀዴ፣ በሙጫ ተለጥፏል ወይስ በሚስማር ተወጥሯል፣ ጥግ ላይ የተጫረ ጽሑፍ አለው? የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን እምብዛም አይጽፉም ነበርና ፊርማ ማጣቱ አያሳንሰው። ከዚያም በዕድሜ የገፉትን አክስታችሁን አጠገቡ አስቀምጧቸው፣ ካባው ከማን የተሸለመ እንደሆነ፣ በየትኛው ግድግዳ ተሰቅሎ እንደ ነበር፣ ማን በፊቱ እንዳለቀሰ ይንገሯችሁ፣ እናንተም ዛሬውኑ ጻፉት። ከዚያም ቅርስ ባለሥልጣን ውሰዱት፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ መቆየት ይችላል፣ ግን ይመዘገባል፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።