ጫካ የሌላቸው የደን ጠባቂዎች፦ በቶሮንቶ አባላት ራሳቸው ያቆሟቸው መንግሥታት

የበይነመረብ የሚና ጨዋታ የሚባለው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ንጉሥ፣ ነጋዴ፣ ወታደር ወይም አንጥረኛ እየሆኑ አብረው የሚኖሩበት፣ አሸናፊው ታውቆ የማያበቃ የጨዋታ ዓይነት ነው። እንዲህ ያሉ ዓለሞችን የሚሠሩ ባለሙያዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ፣ ተጫዋቾቹ ሕግ እያወጡ፣ ዳኛ እየመረጡና መዋጮ እየሰበሰቡ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው ከኮምፒውተር ጋር የተወለደ ቢመስልም፣ የቶሮንቶ ነዋሪዎች በተውሶ ማዕረግ እየተጠራሩ እውነተኛ ገንዘብና እውነተኛ ሞት የሚያስተዳድር መንግሥት ማቆም የጀመሩት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከእነዚህ መንግሥታት ትልቁ ኢንዲፔንደንት ኦርደር ኦፍ ፎረስተርስ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ነበር። ስሙ የደን ጠባቂዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ አብዛኞቹ አባላቱ ግን ከጥበቃም ሆነ ከጫካ ጋር ግንኙነት ያልነበራቸው የከተማና የገጠር ሠራተኞች ነበሩ። የየአካባቢው ቅርንጫፍ በጥንታዊ የእንግሊዝ የንጉሥ ደን ችሎት አምሳል «ኮርት» ይባላል፤ ሰብሳቢው «ቺፍ ሬንጀር»፣ ማለትም የደን ጠባቂዎች አለቃ፣ ተብሎ ይጠራል፤ «ቢድል» የሚል ማዕረግ የተሰጣቸው ሁለት አባላት ደግሞ ስብሰባው ሲጀመር በሩን ይይዛሉ። የማዕረጉ ወግ ለማያውቀው ሰው የልጆች ጨዋታ ሊመስለው ቢችልም፣ በዚያው ስብሰባ ላይ የሟች ቤተሰብ የሚያገኘው ገንዘብ ጉዳይ ይነሣል፣ ሒሳብ ይመረመራል፣ መዋጮ ያቋረጠ አባል ይታገዳል። ጨዋታውና መንግሥቱ ሊነጣጠሉ በማይችሉበት ሁኔታ የተሸመኑ ነበሩ፤ ማዕረጉ ሰውን ወደ ስብሰባ ይጠራዋል፣ ገንዘቡ ደግሞ እንዳይቀር ያደርገዋል።

ማኅበሩን እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1907 የመሩት ኦሮንያቴካ የተባሉ፣ ሞሐውክ ከተባለው የአገሬው ነባር ሕዝብ የተወለዱ ሐኪም ናቸው። ደንቡ አባልነትን ለነጭ ወንዶች ብቻ የሚፈቅድ ስለነበር እርሳቸው ራሳቸው የገቡት በልዩ ፈቃድ ሲሆን፣ በደንቡ ሊገቡ የማይገባቸው ሰው ሩብ ምዕተ ዓመት የደንቡ የበላይ ጠባቂ ሆነው መቆየታቸው በማኅበራት ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ነገር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት በ1889 ወደ ቶሮንቶ ከተዛወረ በኋላ በቤይና በሪችመንድ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ቴምፕል የተባለው ረጅም ሕንፃ ተሠራ፤ ሕንፃው በ1970 ፈርሷል። ከሕንፃው ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን የመዋጮው ጉዳይ ነው። ማኅበሩ አባላትን በብዛት ለመሳብ የጠየቀው ክፍያ ዝቅተኛ ስለነበር፣ አባላቱ ወጣቶች ሳሉ ሣጥኑ ሞልቶ ቢታይም እያረጁ ሲሄዱ የሚከፈለው ከሚገባው ይበልጥ ጀመር፤ ስለዚህም ከኦሮንያቴካ ሞት በኋላ የመጡት መሪዎች የነባር አባላትን ክፍያ ወደ መጨመር ገቡ። አባላት ለራሳቸው ያወጡት ሕግ ደግ ሕግ ነበር፤ ስሌቱ ግን ደግ አልነበረም።

በኮምፒውተር ዓለም የተደረገው ሙከራ የወደቀው በሌላ ምክንያት ነው። በ1990 ፓቬል ከርቲስ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የከፈተው ላምዳሙ ሥዕል የሌለው፣ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ብቻ የሚገለጽበት ዓለም ሲሆን፣ አስተዳዳሪዎቹ «ዊዛርድ»፣ ማለትም አስማተኛ፣ ይባሉ ነበር። በታኅሣሥ 1992 አስማተኞቹ ከነዋሪዎች ጠብ እጃቸውን ማውጣታቸውንና ከዚያ ወዲያ ቴክኒካዊ ሥራ ብቻ እንደሚሠሩ አስታወቁ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ተጫዋች በሌሎች ላይ በቃላት የፈጸመው የወሲብ ጥቃት ከባድ ክርክር ካስነሣ በኋላ፣ ነዋሪዎች የአቤቱታ ረቂቅ አዘጋጅተው በቂ ፊርማ ሲያገኙ ለድምፅ የሚያቀርቡበት፣ ደጋፊዎች ከተቃዋሚዎች እጥፍ ሲሆኑ ረቂቁ ሕግ የሚሆንበት ሥርዓት ተዘረጋ። ይሁንና ድምፁ የቱንም ያህል ቢበዛ በሥራ ላይ የሚያውለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያዘው አስማተኛ ብቻ ነበር፤ በ1996 አስማተኞቹ ሥልጣናቸውን በግልጽ መልሰው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓለሞች መጠነኛ ሆኑ። የአይስላንዱ ኢቭ ኦንላይን ከ2008 ጀምሮ ተጫዋቾች የመረጡትን ጉባኤ ቢያቋቁምም የጉባኤው ሥልጣን ኩባንያውን ከማማከር አላለፈም። ጥንታዊ ግብፅን መነሻ ያደረገው ኤ ቴል ኢን ዘ ዴዘርት ደግሞ ተጫዋቾች ሕግ እንዲያረቁና እንዲመርጡ ፈቀደ፤ ሕጉን ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ የሚለውጡት ግን የጨዋታው ባለቤቶች ነበሩ። በኪራይ ቤት ውስጥ የነዋሪዎች ኮሚቴ ማቋቋም እንደሚቻል ሁሉ ይህም ይቻላል፤ የቤቱ ቁልፍ ግን የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

ኢትዮጵያውያን ወደ ቶሮንቶ ይዘውት የመጡት ዕድር ከሁለቱም የተለየ አመጣጥ አለው። ዕድር በአዲስ አበባ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከየአገሩ በመጡ ሰዎች መካከል፣ በተለይም በጉራጌ ተወላጆች ዘንድ፣ እንደ ጀመረና ከጣሊያን ወረራ በኋላ በየሰፈሩ እንደ ተስፋፋ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ፤ ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ መረዳጃ ልማዶች ጽፈዋል። በአገር ቤት ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ ጥሩምባ ነፊ ሞትን ያረዳል፤ ድንኳንና ድስት የጋራ ንብረት ናቸው፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። በዕድር የማዕረግ ትርኢት የለም፤ «ዳኛ» የተባለው ሰው በእርግጥ ጠብ ያበርዳል። ሣጥኑ የአባላቱ ነው፤ ከእነርሱ በላይ ሆኖ መብራት የሚያጠፋ አስማተኛም የለም።

ቶሮንቶ ላይ ግን ሰፈር የሚባለው ነገር ተበተነ። እ.ኤ.አ. ከ1974 አብዮት በኋላ፣ በብዛትም በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል፣ የመጡት ስደተኞች ሱቅና ምግብ ቤት በዳንፎርዝ ጎዳና ቢከፍቱም መኖሪያቸው ከስካርቦሮ እስከ ኢቶቢኮክ ተራርቋል፤ በ1980 የተመሠረተው የቶሮንቶ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ለመገናኛ ቢጠቅምም የሰፈርን ቦታ ሊተካ አይችልም። ስለዚህ ዕድሩ ከጎረቤት ይልቅ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በትውልድ አካባቢ ወይም በወዳጅነት ይደራጃል። ጥሩምባውን የስልክ መልእክት ተክቶታል፤ ድንኳኑን አዳራሽ ተክቶታል፤ አስከሬን የሚረከበው ፈቃድ ያለው የቀብር ድርጅት ስለሆነ የአባላት ጉልበት ወደ ገንዘብ ተቀይሯል። የሕግ ሰውነት ለማግኘት በኦንታሪዮ የተመዘገበ ዕድር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 19 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የኦንታሪዮ ለትርፍ ያልቆሙ ኮርፖሬሽኖች ሕግ ይገዛል፤ በዚህ ሕግ መሠረት ቢያንስ ሦስት ዳይሬክተሮች ያስፈልጉታል፤ ከድምፁ አሥር በመቶውን የያዙ አባላትም ጉባኤ እንዲጠራ ማስገደድ ይችላሉ። አመራሩን በሕግ የሚያስገድድ እንዲህ ያለ አንቀጽ ላምዳሙ ላይ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

የፎረስተርስ ችግር ግን ዕድሩን ትቶት አልሄደም። ዕድር ሃያ አምስት ዓመት የሆነውንና ሰባ ዓመት የሆነውን እኩል የሚያስከፍል ልማድ ስለሆነ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው የመሠረቱት ሰዎች አብረው ሲያረጁ፣ ወጣት ካልገባ በስተቀር፣ ሣጥኑ ይጎድላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ጉባኤ የሚያሞቀው ግን «ቤተሰብ» የሚለው ቃል የተተረጎመበት አንቀጽ ነው። ባልና ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ ይጻፋሉ፤ እኅትና ወንድም በግማሽ ክፍያ ይጨመራሉ፤ ከዚያ አንዱ እጁን ያነሣና ጎንደር የሞተች አክስቱ፣ እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው ሴት፣ በየትኛው መስመር እንደምትገባ ይጠይቃል፤ ጸሐፊውም ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ ዳኛውን ያያል።