ፈቃዱን የመለሰው ነጋዴ፦ የዩኒቨርሳል ፊልም ኩባንያ አመሠራረት

ዩኒቨርሳልን በፊልም መጀመሪያ ላይ በምትዞረው ሉል ሁላችንም እናውቀዋለን። መሥራቹ ካርል ሌምሊ ግን በሙያው የልብስ ነጋዴ ነበር።

ሌምሊ እ.ኤ.አ. በ1884 በ17 ዓመቱ ከጀርመን ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ የልብስ መደብር ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ለዓመታት ሠራ። በ1906 የራሱን ሱቅ ሊከፍት ቺካጎ ሲሄድ፣ ሰው 5 ሳንቲም እየከፈለ ፊልም ለማየት ሲጋፋ አየ። ሐሳቡን ቀየረና ሲኒማ ቤት ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ፊልም እየገዛ ለሌሎች ሲኒማ ቤቶች ማከራየት ጀመረ።

በ1908 መጨረሻ የኤዲሰን ኩባንያና ሌሎች ትልልቅ ፊልም ሠሪዎች የፈጠራ መብታቸውን አጣምረው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። እያንዳንዱ ሲኒማ ቤት በሳምንት 2 ዶላር እንዲከፍል ጠየቁ። ኮዳክም ጥሬ ፊልም ከማኅበሩ ውጭ ላለ ሰው ላለመሸጥ ተስማማ። ዕቃውም ፈቃዱም አንድ እጅ ሲገባ በነጋዴ ላይ የሚደርሰውን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሌምሊ መጀመሪያ ፈቃዱን ወሰደ፤ በ1909 መለሰው። የሚያከራየው እንዳያጣ በዚያው ዓመት አይ.ኤም.ፒ. የተባለ የራሱን ፊልም ሠሪ ኩባንያ አቋቋመ። ከማኅበሩ ውጭ ያሉት ጥሬ ፊልሙን ከፈረንሳዩ ሉሚየር ኩባንያ በአስመጪ በኩል ያገኙ ነበር። ማኅበሩ በክስ ላይ ክስ ቢያከታትልበትም አልተመለሰም። ባዮግራፍ ስሟን ሳይገልጽ ያሠራት የነበረችውን ተዋናይት ፍሎረንስ ሎውረንስን ወስዶ በ1910 በስሟ አስተዋወቃት።

በ1912 ፓወርስ፣ ሬክስ፣ ኔስተርና ሌሎች ትንንሽ ኩባንያዎች ከአይ.ኤም.ፒ. ጋር ተዋህደው ዩኒቨርሳል ተመሠረተ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው። ሸሪኮቹ ግን ወዲያው ተጣሉ። አንዳንዶቹ በዚያው ዓመት ወጡ፤ ከፓወርስ ጋር የነበረው ሽኩቻ ደግሞ እስከ 1920 ቆይቶ ድርሻውን በመሸጥ አበቃ።

በ1915 ዩኒቨርሳል በሎስ አንጀለስ አጠገብ ትልቁን ስቱዲዮውን ከፈተ። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት በማኅበሩ ላይ ፈረደ። ፍርዱ እስኪመጣ ሰባት ዓመት ገደማ አልፏል። እስከዚያ ድረስ ሌምሊን ያቆሙት በየሳምንቱ አዲስ ፊልም የሚጠብቁ ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች ናቸው። ዕቃ ሲከለከል፣ ደንበኛ ያለው ሰው ሌላ መንገድ የሚፈልግበት ምክንያት አለው።