የዜማ ትምህርትና አካል ጉዳተኞች፦ ከደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት የሚገኝ ልምድ

ከመነሻው እስከ መድረሻው በዜማ የሚቀርበው ተውኔት፣ ማለትም ኦፔራ፣ በአውሮፓ የበቀለ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ቃልን፣ ዜማን፣ መሣሪያንና የአካል እንቅስቃሴን አዋሕዶ በኅብረት ማቅረብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ማሕሌት አምልኮ እንጂ ተውኔት ባይሆንም፣ በአሠራሩ ለዚህ ጥበብ የሚቀርብ ቅርስ ነው። ስለሆነም አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በዜማ ተውኔት ስለ ማሳተፍ ስንመክር በደቡብ ጎንደር ደጋ ጸንቶ የኖረውን የአብነት ትምህርት መመርመር ይጠቅማል።

ጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆን ይታወቃሉ። ደብረ ታቦር በበኩሏ የምትጠራው በተክሌ አቋቋም ነው። ይህን አቋቋም በ19ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) የኖሩት የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበል እንቅስቃሴ ተመልክተው እንደ ነደፉት፣ ስያሜውም ካስፋፋው ልጃቸው ከተክሌ እንደ መጣ ይተረካል።

በአገሪቱ የአብነት ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውራን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተምረው ለመሪጌታነትና ለመምህርነት ሲበቁ ኖረዋል። ለዚህ ዋናው ምክንያት የማስተማሪያው ዘዴ ነው። ድጓው የዜማ ምልክት ቢኖረውም ምልክቱ የማስታወሻ ያህል ነው፤ ዜማው የሚተላለፈው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ፣ በቃል በመቀጸል ነው። ዓይነ ስውሩ የተለየ ትምህርት ቤት ሳያሻው ሊማር የቻለው ትምህርቱ ቀድሞውኑ እርሱ በሚችለው መንገድ የተዘረጋ ስለ ነበር ነው።

ጥንታውያኑ የሐዋርያት ቀኖናዎችም በዚህ ረገድ አስተዋይነት ይታይባቸዋል። አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የሚያነክስ ሰው የተገባው ሆኖ ከተገኘ ለጵጵስና ከመሾም አይከለከልም፤ የሚያረክሰው የነፍስ ነውር እንጂ የአካል ጉድለት አይደለምና። ዓይነ ስውርና መስማት የተሳነው እንዳይሾሙ ሲከለክሉም ምክንያታቸው ሥራው እንዳይሰናከል እንጂ ርኩሰት አለመሆኑን ይገልጻሉ። ለዜማ መምህርነት ግን ክህነት ግድ ባለመሆኑ፣ በመቅደሱ አገልግሎት የተዘጋው በር በቅኔ ማሕሌቱ ተከፍቶ ቆይቷል።

ይሁንና ይህን ታሪክ ያለ ልክ ማወደስ አይገባም። በጆሮ ላይ የተመሠረተው ትምህርት መስማት የተሳናቸውን በውጭ አስቀርቷል። ረጅም ሌሊት መቆምን የሚጠይቀው አቋቋምም መቆም ለማይችለው አስቸጋሪ ነው። አንዱን የሚያስገባ ዘዴ ሌላውን ሊያስቀር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የውጭው ዓለም ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። ጀርመናዊው ዘፋኝ ቶማስ ክቫስትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1959 እናቱ በእርግዝና ጊዜ በወሰደችው ታሊዶማይድ በተባለው መድኃኒት ሳቢያ እጆቹ እጅግ አጥረው ተወለደ። ፒያኖ መጫወት ባለመቻሉ ብቻ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሳይቀበለው ቀረ። ሆኖም በግል ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2003 በሳልዝቡርግ የቤትሆቨን ድርሰት በሆነው «ፊዴሊዮ» ኦፔራ ተጫወተ። የተከለከለው በድምፁ ጉድለት ሳይሆን፣ ከድምፅ ጋር በማይገናኝ የመግቢያ መመዘኛ ነበር።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች የጥበብ ችሎታቸውን እንዲያዳብሩና እንዲጠቀሙበት ያዝዛል፤ ይህም ለእነርሱ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡንም ለማበልጸግ ነው። ትእዛዙ በክፍል ውስጥ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በመምህሩና በዕቅድ አውጪው እጅ ነው።

በመሆኑም የዜማ ተውኔት የሚያዘጋጅ መምህር በቅድሚያ ጥበቡ በእርግጥ የሚጠይቀውን ልማድ ብቻ ከሚጠይቀው ይለይ። በዚህ ረገድ የማሕሌቱ ሥርዓት ጥሩ አርአያ ይሆናል፤ አንዱ ቃል በቁም ዜማ፣ በመቋሚያ ዝማሜ፣ በከበሮና በጽናጽል እየተደራረበ ይቀርባልና። የትምህርት ቤት ተውኔትም እንዲሁ በደረጃ ቢከፋፈል ዓይነ ስውሩ ዜማውን በቃል ሊመራ፣ መቆም የማይችለው ተቀምጦ ሊያዜም፣ መስማት የተሳነው የከበሮውን ንዝረት በአካሉ እየተቀበለ እንቅስቃሴውን ሊመራና ቃሉን በምልክት ቋንቋ ሊያቀርብ ይችላል። ዕቅድ አውጪዎችም መድረክ ሲያሠሩ ከደረጃው ጎን መወጣጫ እንዲኖር ቢያደርጉ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ለሙዚቃ ትምህርት የሚያወጡትን የመግቢያ መመዘኛ በዚሁ ዓይን ቢመረምሩ፣ በወላጆች ቀን ከተመልካቹ ወንበር የማይነሣው ልጅ ከተዋንያኑ አንዱ ይሆናል።