ወርቁ ከየት ይወጣል?

"መምህር፣ ሥራዬን ለቅቄ ኦንላይን ኔትወርክ ማርኬቲንግ ልግባ ወይ?" የሚል ጥያቄ ከቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር እየደጋገመ ይመጣል። እንደ ታሪክ አስተማሪነቴ እዚሁ ልመልስ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው "በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ" ብሎ ሕዝቡን አሰለፈ። ትርፍ ተብሎ የሚከፈለው ግን ኋላ የገቡት ሰዎች ገንዘብ ነበር። በዚያው ዓመት ታሰረ። አልባኒያ ደግሞ ገበሬው ከብቱን፣ ከተሜው ቤቱን እየሸጠ ገባበት። በ1997 ሲፈርስ አገሩ ታመሰ፤ 2,000 ገደማ ሰው ሞተ፣ መንግሥትም ወደቀ። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 የፒራሚድ ሽያጭን ከልክሏል።

እኛ አሶሳዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ኩርሙክ ወይም መንጌ ወርቅ የሚያጥብ ሰው ቢቀናውም ባይቀናውም ወርቁን የሚያገኘው ከአፈር ነው። የጓደኛውን ኪስ አያጥብም።

ስለዚህ ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ይቺን ጠይቁ፦ አዲስ አባል መግባቱ ዛሬ ቢቆም፣ ዕቃውን ወዶ የሚገዛ ሰው አለ ወይ? ካለ ንግድ ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሞክሩት፣ ገቢው ለወራት ደመወዛችሁን ሲተካ ያኔ ስለ መልቀቅ እናወራለን። ከሌለ ግን የሚታጠበው የወንድምና የጎረቤት ኪስ ነው።

ደመወዝ እንደማያደርስ አውቃለሁ፤ እኔም የምኖርበት ነው። ግን የከሰረ ብር ተሠርቶ ይተካል፤ አሳምናችሁ ያስገባችሁት የአክስት ልጅ ስልካችሁን ላያነሳ ይችላል።

ለሚያስቡበት ልጆች አድርሱልኝ።